የኮሌጅ ክፍያና «ነፃ የመንግሥት ገንዘብ»፦ እውነቱ የቱ ነው?

የሲልቨር ስፕሪንግ እናት

እንደምን ከረማችሁ። የበኩር ልጃችን በመጪው ሰኔ 12ኛ ክፍልን ይጨርሳል። ከቤታችን በዚህ አገር ኮሌጅ የገባ ሰው ስለሌለ የማማክረው አጥቼ ወደ እናንተ መጣሁ። እኔ በአረጋውያን መንከባከቢያ የሌሊት ተረኛ ነኝ፤ ባለቤቴ ከአየር ማረፊያ ሰው ያመላልሳል። ኪራዩን ከፍለን፣ ደሴ ላለችው እናቴ ቆርጠን ከላክን በኋላ የሚተርፈን ልጅ የሚያስተምር አይደለም።

አንድ የማውቀው ሰው ፋፍሳ የሚሉትን የፌዴራል የተማሪ ድጋፍ ማመልከቻ አንሥቶ «በ400 ዶላር እሞላልሻለሁ፤ መንገዱን አውቀዋለሁ፤ ሙሉ ግራንት፣ የማይመለስ ድጋፍ ነው የማስወጣልሽ» ብሎኛል። ሰሞኑን ደግሞ አንዲት ሴት ደውላ መንግሥት ታክስ በወቅቱ ለሚከፍሉ ሰዎች ከሚሰጠው ገንዘብ 9,000 ዶላር እንደደረሰኝ፣ ለኪራይም ለመብራትም ላውለው እንደምችል ነገረችኝ። ለማስፈጸሚያ ግን የ250 ዶላር የስጦታ ካርድ ገዝቼ ቁጥሩን ላነብላት ነው። «ባለቤቴን ላማክር» ብዬ ዘጋሁት፤ ይኸው እስከ ዛሬ ትደውላለች።

ከሁሉም የከበደኝ ሌላ ነው። ባለቤቴ ገቢውን ልጁ እንዲያውቅበት አይፈልግም። «የአባቱን ኪስ የሚቆጥር ልጅ አላሳድግም» ይላል። ያለ እርሱ ወረቀት የሚሆን ነገር አለ? ለእናቴ የምልከውስ ይቆጠርልኛል?


ቆጣሪዋ (አሌክሳንድሪያ)

እህቴ፣ የደወለችልሽ ሌባ ናት። የአሜሪካ መንግሥት ለግለሰብ ስልክ ደውሎ «ኪራይሽን ክፈዪበት» ብሎ ገንዘብ አይሰጥም። ግራንትስ ዶት ጎቭ የሚባል እውነተኛ ድረ ገጽ አለ፤ እዚያ የሚወጣው ገንዘብ ግን በአብዛኛው ለግዛቶች፣ ለዩኒቨርሲቲዎች፣ ለተመራማሪዎችና ለድርጅቶች እንጂ ለእኔና ለአንቺ የመብራት ሂሳብ አይደለም። የስጦታ ካርድ ቁጥር የሚጠይቅ የመንግሥት መሥሪያ ቤትም የለም። ቁጥሯን ዝጊና ለፌዴራል ንግድ ኮሚሽን አመልክቺ። ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥርሽን ሰጥተሻት ከሆነ ዛሬውኑ የብድር ታሪክ በሚይዙት ድርጅቶች፣ በኢኩዊፋክስ፣ በኤክስፒሪያንና በትራንስዩኒየን የብድር መዝገብሽን አሳግጂ፤ ከ2018 ወዲህ በነፃ ነው።

ኪራይና መብራት በእውነት ከጠበባችሁ 211 ደውዪ። በምትኖሪበት አካባቢ ያሉትን የእርዳታ ፕሮግራሞች ይነግሩሻል፤ የአማርኛ አስተርጓሚ ጠይቂ፣ አትፈሪ። ለመብራትና ለማሞቂያ ላይሂፕ የሚባል የፌዴራል ድጋፍ አለ፤ በግዛቱ በኩል ነው የሚሰጠው።

አሁን ወደ ፋፍሳ። ማመልከቻው ነፃ ነው፤ በኢንተርኔት የሚሞላውም ስቱደንትኤይድ ዶት ጎቭ ላይ ብቻ ነው። የ400 ዶላሩ ሰው «ሙሉ ግራንት አስወጣለሁ» ሲል የማይችለውን እየሸጠልሽ ነው። የሚያወጣው ቀመር ነው፤ ቀመሩ ደግሞ ደላላ አያውቅም። በሙያዬ ያየሁትን ልንገርሽ። ደላላው መለያውን ሲከፍት የራሱን ኢሜይልና የራሱን ስልክ ያስገባል። በዓመቱ ቅጹ መታደስ ሲኖርበት የማረጋገጫው ቁጥር የሚሄደው ወደ እርሱ ስልክ ነው። እናት ልጇን ይዛ ቢሮዬ ቁጭ ብላ «እባክህ ቁጥሩን ላክልን» እያለች ስትለምነው፣ እርሱም ሌላ ክፍያ ሲጠራ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ልጅሽ በራሱ ስልክ፣ አንቺም በራስሽ ስልክ የየራሳችሁን መለያ ክፈቱ። ኢሜይሉም የትምህርት ቤቱ አይሁን፤ ሲመረቅ ይዘጋበታል።

የገቢው ማስረጃ የሚወሰደው ከሁለት ዓመት በፊት ከነበረው ታክስ ነው፤ ለ2026–27 የትምህርት ዘመን የ2024ቱ ታክስ ማለት ነው። ከዚያ የቤተሰቡን የመክፈል አቅም የሚለካ ኤስኤአይ የሚሉት ቁጥር ይወጣል፤ ከዜሮ በታች እስከ 1,500 ሊወርድ ይችላል፣ ዝቅ ባለ ቁጥር የችግሩ መጠን ይበልጣል። ለዝቅተኞቹ የሚሰጠው ፔል ግራንት በዓመት እስከ 7,395 ዶላር ነው፣ አይመለስም። ከእርሱ ላይ ኮሌጁ በጀት ካለው ከ100 እስከ 4,000 ዶላር የሚደርስ ሌላ የፌዴራል ድጋፍ ሊጨምር ይችላል። ይህኛው ቀድሞ ለደረሰ ስለሚሰጥ ያልቃል። የምትኖሪበት የሜሪላንድ ግዛትም የራሱ ድጋፍ አለው፤ ቀነ ገደቡ በተለምዶ ማርች 1 ነው፣ ከፌዴራሉ በብዙ ወራት ይቀድማል። የኛ ሰው የሚከስረው እዚህ ላይ ነው። «የታክስ ወቅት ሲመጣ እንሞላለን» ብሎ ኤፕሪል ላይ ይመጣል።

ስለ ባለቤትሽ፦ ታክስ የምታስገቡት በጋራ ከሆነ ፈቃድ መስጠት ያለበት ከሁለታችሁ አንዱ ብቻ ነው። አንቺ በራስሽ መለያ ገብተሽ ከፈረምሽ በቂ ነው፤ የጋራው ገቢ ከታክስ መሥሪያ ቤቱ በቀጥታ ይመጣል። የመጣው የታክስ መረጃም በልጁ ስክሪን ላይ አይታይም። ይህን ስነግርሽ ግን ባልሽን ደብቀሽ ፈርሚ ማለቴ አይደለም።

የእናትሽን ነገር ልጽፍልሽ ከበደኝ። ለአገር ቤት የሚላክ ገንዘብ በፋፍሳ አይቀነስም። እናትሽም እናንተ ቤት ስለማትኖር ከቤተሰቡ ቁጥር አትገባም።


ጠርጣራው ሽማግሌ

እኔ ባልየውን እደግፋለሁ። ጠርጥር፣ ከገንፎም ይገኛል ስንጥር! የሰው ጓዳ ለምን ይገለጣል? ደግሞ በዚህ ዘመን ስምን፣ አድራሻን፣ የባንክ ሂሳብን ለመንግሥት አሳልፎ መስጠት ምን የሚሉት ብልኅነት ነው? ልጆቼን ሁለት ሥራ ሠርቼ አስተምሬአለሁ፤ የማንንም ፊት አላየሁም።


ቆጣሪዋ (አሌክሳንድሪያ)

ጋሼ፣ ልጆችዎን በላብዎ ማስተማርዎ የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን ገቢዎን መንግሥት ከፋፍሳ በፊትም ያውቀዋል፤ ታክስ የሚከፍሉት ለማን ሆነና?

ፍርሃቱ ትርጉም የሚኖረው ከቤተሰቡ መካከል የመኖሪያ ወረቀት የሌለው ሰው ሲኖር ነው። እዚያ ላይ አላፌዝም። ሕጉ የሚያየው የተማሪውን ሁኔታ ነው፤ ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያለው ልጅ ወላጁ ወረቀት ስለሌለው ብቻ ድጋፉን አያጣም፣ ሶሻል ሴኩሪቲ የሌለው ወላጅም መለያ መክፈት ይችላል። ይክፈት ወይስ አይክፈት የሚለው ግን የቤተሰቡ ውሳኔ ነው፤ ከጠበቃ ጋር ቢነጋገሩ ይሻላል።

ተማሪውን በተመለከተ በየጊዜው ስለምጠየቅ አንድ ጊዜ ልጻፈው፦ ዜጋ፣ ግሪን ካርድ ያለው፣ በስደተኝነት የገባና ጥገኝነቱ የጸደቀለት ፋፍሳ ይሞላሉ። ጥገኝነት ጠይቆ ውሳኔ የሚጠባበቅ፣ በጊዜያዊ ከለላ ያለና በተማሪ ቪዛ የመጣ የፌዴራሉን ድጋፍ አያገኙም። እንዲህ ካሉት ለአንዳንዶቹ ሜሪላንድም ቨርጂኒያም የራሳቸው የግዛት ማመልከቻ አላቸው፤ መስፈርቱ ቢኖርም ብዙ ልጅ መኖሩን ሳያውቅ ያልፈዋል።


የማታ ተማሪ

ሁሉም ስለ 18 ዓመት ልጅ ነው የሚያወራው። ፔል ግራንት ለአዋቂም ነው! 24 ዓመት የሞላው፣ ያገባ ወይም የሚያሳድገው ልጅ ያለው ሰው የወላጅ ገቢ አይጠየቅም። ከዚህ በፊት ባችለር ዲግሪ እስካልያዘ ድረስ ማመልከት ይችላል። እኔ በ38 ዓመቴ በኮሚኒቲ ኮሌጅ ነርሲንግ እየተማርኩ ነው፤ የክፍሉ ክፍያ በፔል ይሸፈናል፣ ለመጽሐፍም ይተርፈኛል።

የሚያናድደኝ ሌላ ነው። የሥራ ባልደረባዬ በየሬዲዮው ማስታወቂያ ወደሚያስነግር አንድ የግል ማሠልጠኛ ገባች። «ኮርሱ ወደ ማንኛውም ዩኒቨርሲቲ ይዛወራል» ብለው አስፈረሟት። ለመዛወር ስትሄድ አንድም ኮርስ የሚቀበላት ጠፋ። ብድሩ ስሟ ላይ ቀረ። ፔል ደግሞ በሕይወት ዘመን የሚሰጠው ለ12 ሴሚስተር ያህል ብቻ ነው፤ እዚያ የተበላው ተበላ። ስለዚህ ከመፈረማችሁ በፊት ልትዛወሩበት ወደምታስቡት ዩኒቨርሲቲ ራሳችሁ ደውሉና «ከዚህ ትምህርት ቤት የመጣ ኮርስ ትቀበላላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። የሻጩን ቃል አትመኑ።


ቆጣሪዋ (አሌክሳንድሪያ)

ትክክል። በተጨማሪም ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ፔል ቢያንስ 8 ሳምንት፣ ግን ከ15 ሳምንት በታች ለሚፈጁ አጫጭር የሙያ ሥልጠናዎች እንዲውል ሕጉ ፈቅዷል። የትኛው ሥልጠና እንደሚገባ የሚወሰነው ከግዛቱ ገዥ ማጽደቅ ጀምሮ በብዙ መስፈርት ነው። የማስታወቂያ ጋጋታ ስለሚመጣ ከአሁኑ ተዘጋጁ።


ከመስኮቱ ወዲያ

እኔ በአንድ ዩኒቨርሲቲ የገንዘብ ድጋፍ ቢሮ ሠርቼ ወጥቻለሁ። ስለ ማመልከቻው በቂ ተብሏል፤ ስለ መልሱ ግን ማንም አላነሳም፤ ቤተሰብ የሚሸወደው መልሱ ላይ ነው።

ልጁ ተቀባይነት ሲያገኝ የድጋፍ ደብዳቤ ይደርሰዋል። ለምሳሌ ያህል እንዲህ ያለ ደብዳቤ አስቡ። የዓመቱ ጠቅላላ ወጪ 32,000 ዶላር። ከሥሩ፦ ፔል 7,395፣ የግዛት ድጋፍ 3,000፣ የዩኒቨርሲቲው ድጋፍ 6,000፣ ወርክ ስተዲ 2,500፣ የተማሪ ብድር 5,500፣ የወላጅ ፕላስ ብድር 7,605። መጨረሻ ላይ በደማቁ «ቀሪ ክፍያ፦ 0» ይላል። አባትና እናት እልል ብለው ወደ ቤት ይሄዳሉ። ልጁ በነፃ የሚማር ይመስላቸዋል።

አሁን እስክሪብቶ ያዙና የማይመለሰውን ብቻ ደምሩ፤ 16,395 ነው። የቀረው 15,605 ዶላር ከእናንተ የሚወጣ ነው፣ አንዱ በሥራ፣ አንዱ በልጁ ዕዳ፣ አንዱ በእናንተ ዕዳ። ወርክ ስተዲ ልጁ ሠርቶ በየሁለት ሳምንቱ የሚቀበለው ደመወዝ ነው፤ ሥራውን ካላገኘ የለም፣ ከሴሚስተሩ ሂሳብም አስቀድሞ አይቀነስም። ብድሩም ሁለት ዓይነት ነው። ለአንደኛ ዓመት ተማሪ ከ5,500ው ውስጥ ቢበዛ 3,500ው ወለዱ በትምህርት ዘመኑ በመንግሥት የሚሸፈንለት ነው፤ የቀረው ገንዘቡ ከተሰጠበት ቀን ጀምሮ ይወልዳል። የወላጅ ፕላስ ደግሞ በወላጅ ስም የሚመዘገብ ነው። ከጁላይ 2026 በኋላ ለአዲስ ተበዳሪዎች በአንድ ልጅ በዓመት 20,000፣ በጠቅላላው 65,000 ዶላር ጣሪያ ተበጅቶለታል። ጣሪያ ስላለው ትበደሩት ማለት አይደለም። 55 ዓመት የሞላው አባት በልጁ ስም ሳይሆን በራሱ ስም 60,000 ዶላር ተሸክሞ ጡረታ ሲጠብቅ አይቻለሁ።

ስለዚህ ሁለት ትምህርት ቤት ስታወዳድሩ የሚመለሰውን ሁሉ ሰርዛችሁ አወዳድሩ። ስሙ የገነነው ዩኒቨርሲቲ ብዙ ጊዜ ይሸነፋል።

ሌላው፣ ደብዳቤው የመጨረሻ ቃል አይደለም። የ2024ቱ ታክስ ጥሩ ገቢ አሳይቶ በ2025 አባት ሥራ ካቆመ፣ ከታመመ ወይም ባልና ሚስት ከተለያዩ ቢሮው ገቢውን እንደገና የማየት ሥልጣን አለው። ማስረጃ አያይዛችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። የኛ ሰው ይህን እንደ ልመና ስለሚቆጥረው ያፍራል። እኛ ቢሮ ግን የሥራችን አንዱ ክፍል ነበር፤ የማይጠይቅ ቤተሰብ ፋይል እንዳለ ያልፋል። እህቴ፣ የእናትሽም ጉዳይ ሊነሳ የሚችለው እዚህ ላይ ነው፤ በተለይ ለሕክምና የምትልኪ ከሆነ የሐዋላ ደረሰኞችን ሰብስበሽ አቅርቢ። ቢሮው ሊቀበልም ላይቀበልም ይችላል። ሲኤስኤስ ፕሮፋይል የሚባለውን ሁለተኛ ቅጽ የሚጠይቁ የግል ዩኒቨርሲቲዎች ደግሞ እንዲህ ያለውን የምታብራሪበት ቦታ በቅጹ ላይ አላቸው። የቤተሰብ ገቢ እስከ 100,000 ዶላር ለሆነ የአገር ውስጥ ተማሪ ቅጹ ያለ ክፍያ ነው።


ታክሲ ነጂው

ቆጣሪዋ፣ ጥያቄ አለኝ። እኔም እንደ እህታችን ባለቤት ነኝ፣ በራሴ መኪና ነው የምሠራው። ባለፈው ወር እቁብ ወጣልኝ፣ 20,000 ዶላር ባንክ ተቀምጧል። የኔ ብቻ አይደለም፤ ገና ለወራት የምከፍለው ነው። ፋፍሳው «ባንክ ያለህ ስንት ነው» ሲል ምን ልበል?


ቆጣሪዋ (አሌክሳንድሪያ)

ይህ ጥያቄ ከሁሉም ደስ አለኝ፤ ከኛ ሰው በቀር የሚጠይቀው የለም።

ቅጹ የሚጠይቀው በምትፈርምበት ቀን በሂሳብህ ያለውን ነው። እቁብ የሚባል ሳጥን የለውም፤ ለአባላቱ ያለብህን ቀሪ ክፍያም እንደ ዕዳ አይቀንስልህም። ባንክ የተቀመጠው 20,000 ያንተ 20,000 ሆኖ ይታያል። ገንዘቡ ለተወሰነ ጉዳይ ከሆነ፣ ማለትም የመኪና ዕዳ ለመዝጋት ወይም የክሬዲት ካርድ ለመክፈል፣ ከመፈረምህ በፊት ክፈለው። ይህ ሕጋዊ ነው። ወንድምህ ሂሳብ ውስጥ ደብቀህ በማግሥቱ መመለስ ግን የሐሰት ፊርማ ነው። እንዲያም ሆኖ አትደንግጥ፤ ከወላጅ ሀብት የሚቆጠረው ቢበዛ ከመቶ 5.64 ያህል ነው። በልጁ ስም ካስቀመጥከው ግን ከመቶ 20 ይቆጠራል። ስለዚህ «ለልጄ ትምህርት ነው» ብለህ በስሙ ከማስገባትህ በፊት አስብ።

የምትኖርበት ቤት፣ መኪናህና የጡረታ ሂሳብህ አይቆጠሩም።

ከነጭራሹ የሀብት ጥያቄ የማይመጣባቸውም አሉ። በ2024 ወይም በ2025 ከቤተሰቡ የምግብ ድጋፍ ወይም ሜዲኬይድ ያገኘ ካለ ይዘለላል። የወላጆች ገቢ ከ60,000 ዶላር በታች ከሆነና ከታክሱ ጋር የሚያያዙት ሰንጠረዦች ቀላል ከሆኑም ይዘለላል። ለአሽከርካሪ ወሳኙ የግል ሥራ ገቢ የሚሞላበት ሰንጠረዥ ሲ ነው፤ የተጣራው ትርፍ ከ10,000 ዶላር መብለጥ የለበትም። የዚያን ሰንጠረዥ መስመር 31 ተመልከት። መተግበሪያው ለዓመቱ 50,000 ዶላር ከፍሎህ ሊሆን ይችላል፤ በ2024 ለእያንዳንዱ የሥራ ማይል 67 ሳንቲም ሲቀነስ ግን የተጣራው ከምትገምተው በጣም ያነሰ ይሆናል። የማይል መዝገብ ለማይዙ ሾፌሮች ሁሌ የምጮኸው ለዚህ ነው።


አስራ ሁለተኛ ክፍል (አዲስ አበባ)

ሰላም እህቶቼና ወንድሞቼ። እኔ አገር ቤት ነኝ፤ ውጤቴ ጥሩ ነው። ፋፍሳ ልሙላ? አንድ ወኪል 60,000 ብር ከከፈልኩ ሙሉ ስኮላርሺፕ እንደሚያስገኝልኝ ነግሮኛል።


ከመስኮቱ ወዲያ

ልጄ፣ ፋፍሳ ላንተ አይደለም። ለወኪሉም ብር አትክፈል፤ ስኮላርሺፕ የሚሰጠው ዩኒቨርሲቲው ነው፣ ቦታ የሚሸጥ የለም።

ላንተ የሚሠራው መንገድ ለውጭ አገር ተማሪ የገንዘብ ችግርን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍኑትን ጥቂት ትምህርት ቤቶች ማወቅ ነው። ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን፣ ኤምአይቲ፣ አምኸርስት፣ ዳርትመዝና ቦውዶይን ሲቀበሉ የመክፈል አቅምን አያዩም፤ የተቀበሉትን ይሸፍናሉ። መግባቱ እጅግ ከባድ ነው። ሌሎች ብዙ ኮሌጆችም ይረዳሉ፤ እነርሱ ግን ሲቀበሉ የምትጠይቀውን ገንዘብ መጠን ከግምት ያስገባሉ። አዲስ አበባ በአሜሪካ ኤምባሲ ኢዱኬሽን ዩኤስኤ የሚባል የምክር አገልግሎት አለ፤ በነፃ ነው። መጀመሪያ እዚያ ሂድ። አሜሪካን ብቻም አትመልከት፤ የማስተርካርድ ፋውንዴሽን የስኮላርሺፕ ፕሮግራም በአፍሪካ ውስጥ ባሉ ዩኒቨርሲቲዎችም ያስተምራል።


ከሚኒያፖሊስ

ሚኒሶታ ያላችሁ ካላችሁ፦ ከ2024 መጸው ጀምሮ ኖርዝ ስታር ፕሮሚስ የሚባል ፕሮግራም አለን። የቤተሰቡ ገቢ ከ80,000 ዶላር በታች ከሆነ በግዛቱ የመንግሥት ኮሌጆችና ዩኒቨርሲቲዎች የትምህርት ክፍያው ይሸፈናል። ብርዱን ከቻላችሁ ከሜሪላንድ ወደ እኛ ጋ መኖሪያ መቀየር ነው።


ጠርጣራው ሽማግሌ

ነፃ ነው፣ ነፃ ነው ትላላችሁ። ለምን ታዲያ ሰው ሁሉ በዕዳ ተዘፍቋል?


የማታ ተማሪ

ጋሼ፣ ስም ስለምንወድ ነው። ልጃችን ኮሚኒቲ ኮሌጅ ገባ ማለት ያሳፍረናል፤ በለቅሶ ቤት ሳይቀር «የት ገባ?» ተብሎ ይጠየቃል። እኔ ክፍል ውስጥ ሁለት ዓመት በፔል ተምረው በሦስተኛው ዓመት ወደ ትልልቅ ዩኒቨርሲቲ የሚዛወሩ ልጆች አሉ። ጃክ ኬንት ኩክ ፋውንዴሽን ከኮሚኒቲ ኮሌጅ ለሚዛወሩ ጎበዝ ተማሪዎች በዓመት እስከ 55,000 ዶላር ይሰጣል። ውድድሩ ግን ከባድ ነው።


ባልየው

እኔ ነኝ የተባለው ባል። ባለቤቴ አሳየችኝ። ከማላውቀው ሰው ጋር ስለ ገንዘቤ ማውራት አልለመድኩም፤ ቢሆንም አንድ ነገር ልጠይቅ። አዲስ አበባ በስሜ ኮንዶሚኒየም አለኝ። እርሷ ታውቃለች፣ ልጁ አያውቅም። የወንድሜ ልጅ በነፃ ነው የሚኖርበት። ይህን የአሜሪካ ቅጽ ምን አገባው?


ቆጣሪዋ (አሌክሳንድሪያ)

ወንድሜ፣ ያገባዋል። ከምትኖርበት ቤት ውጭ ያለ ቤት፣ የትም አገር ይሁን፣ በቅጹ እንደ ኢንቨስትመንት ይቆጠራል። የሚጻፈው ዛሬ ቢሸጥ የሚያወጣው ዋጋ ነው፤ የባንክ ዕዳ ካለበት ተቀንሶ፣ በዕለቱ ምንዛሪ ወደ ዶላር ተለውጦ። ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪውን በጁላይ 2024 ለገበያ ከለቀቀ ወዲህ በብር የተገመተ ቤት በዶላር ሲሰላ እንደ ድሮው አያስፈራም። አከራይተኸው ቢሆን ኖሮ ኪራዩ እዚህ ታክስ ላይ በሰንጠረዥ ኢ መግባት ነበረበት፤ በነፃ የሚኖርበት ከሆነ ያ የለብህም።

ግን ከዚህ ሁሉ በፊት፣ መስመር 31 ስንት ይላል?


ባልየው

8,460።


ቆጣሪዋ (አሌክሳንድሪያ)

የሁለታችሁ የተስተካከለ ጠቅላላ ገቢስ? 1040 በሚባለው የታክስ ቅጽ መስመር 11 ላይ ነው።


ባልየው

51,200።


ቆጣሪዋ (አሌክሳንድሪያ)

እንግዲያው ሌሎቹ ሰንጠረዦች ከሌሉባችሁ የሀብት ጥያቄው ጭራሽ አይመጣባችሁም። ኮንዶሚኒየሙም በሰላም ይቀመጥ። ፔልም በጥሩ መጠን የምታገኙ ይመስለኛል፤ ልክ ቁጥሩን ቅጹ ይንገራችሁ። ዛሬ ማታ ሙሉት።


ጠርጣራው ሽማግሌ

ገቢውን ከልጁ ደብቆ ለአገር ሁሉ አነበበው!


የሲልቨር ስፕሪንግ እናት

ጋሼ፣ እባክዎ ዝም ይበሉልኝ፤ ስንት ልፋት ነው።

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንድ የቀረኝ፦ የልጄ የትምህርት ቤት አማካሪ «ለሴናተራችሁ ጻፉ» አለችው። እኛ ሴናተር አናውቅም። ቀልድ ነው?


ከመስኮቱ ወዲያ

ቀልድ አይደለም። ይህ የሜሪላንድ ልዩ ነገር ነው፤ የግዛቱ ምክር ቤት አባላት ለምርጫ ወረዳቸው ነዋሪዎች የሚያከፋፍሉት የስኮላርሺፕ ገንዘብ አላቸው። ዋሽንግተን ያለው ሴናተር ማለት አይደለም፣ በግዛቱ ዋና ከተማ አናፖሊስ ያለው ነው። በየወረዳው አንድ ሴናተርና ብዙውን ጊዜ ሦስት ተወካዮች ስላሉ እስከ አራት በር ታንኳኳላችሁ ማለት ነው። መጠኑ እንደ ሰጪው ይለያያል፤ የተወካዮቹ ከ200 ዶላር ይጀምራል፣ ለመጽሐፍ መግዣም ቢሆን አይናቅም።

የመኖሪያ አድራሻችሁን በምክር ቤቱ ድረ ገጽ ላይ ስታስገቡ ስማቸው ይወጣል። ከዚያ ልጁ ራሱ ወደ እያንዳንዱ ቢሮ ይደውል፤ አንዱ ድርሰት፣ ሌላው የውጤት ማስረጃ፣ ሌላው ቅጽ ብቻ ይጠይቃል። ቀናቸውም አንድ አይደለም፤ ከታኅሣሥ በፊት ቢደውል ጥሩ ነው። ፋፍሳው መሞላቱን ስለሚያዩ እርሱ ይቅደም። በየዓመቱ ራሱ እንደሚታደስና እንደማይታደስም በዚያው ስልክ ይጠይቃቸው።